በቁራጭ የተለቀመው ዐዋጅ

ሁለቱ አገሮች በአንድ ሸንጎና በአንድ ማኅተም መተዳደር በጀመሩ በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ ዝናብ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የባቡሩን ድልድይ በሚያንቀጠቅጥበት ሰሞን፣ በዕለተ ማክሰኞ ማለዳ፣ የተሸፈነ ሠረገላ በፈረሰኞች ታጅቦ ከመንግሥት ማተሚያ ቤት ደጃፍ ቆመ። ከሠረገላው የጸጥታ መኮንኑ ወረደ፤ በብብቱ በሰም የታሸገ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። በግቢው የነበሩት ሠራተኞች ዓይናቸውን ከቦርሳው ላይ አላነሡም፤ እንዲህ ያለ ቦርሳ በገባ ቁጥር በሩ ከኋላው እንደሚቆለፍ፣ የታዘዘው ሁሉ ታትሞ ተጭኖ እስኪያልቅም ወጪ እንደሌለ ያውቁ ነበርና።

ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ከኅብረቱ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነበር። ወሬው በቴሌግራፍ በደረሰ ዕለት ሰው ሁሉ አንድ ነገር እስኪፈነዳ ጠበቀ፤ ምንም አልፈነዳም፤ ገበያው እንደ ወትሮው ዋለ፣ ባቡሩም በሰዓቱ አፏጨ። እንደራሴው ከሰገነት ሆነው፣ «ከማዶ መጥተው በመካከላችን የሚኖሩት ወንድሞቻችን ናቸው፤ ከራሳቸው ፀጉር አንዲቷ አትነካም» ሲሉ ተናገሩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ይሁን እንጂ በዚያው ቀን የማዶ ተወላጅ የሆነው ሰዓት ሠሪ የሱቁን መስኮት በሳንቃ ሲቸነክር ታየ፤ ምነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ከማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚዎችም አንዱ የማዶ ተወላጅ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የደመወዝ ጸሐፊው ብቻ ያውቀው ነበር፤ ባልደረቦቹ «ማዶ» ይሉታል። ድልድዩን መሻገር የቤትን ደፍ ከመሻገር በማይለይበት ዘመን በጉርምስናው መጥቶ፣ ሙያውን እዚሁ ተምሮ፣ የማተሚያ ቤቱን ጠራዥ ልጅ አግብቶ፣ ከቆዳ ፋቂዎች ሰፈር በላይ ባለ አንዲት ክፍል ጎጆ ወጥቶ ይኖር ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ ወሯ ገብቶ ነበር፤ ጎንበስ ማለት ስለማትችል የጫማዋን ማሰሪያ በየማለዳው የሚያስርላት እርሱ ነበር።

እጁ ፈጣን ነበር፤ የፍጥነቱም ምክንያት አለማንበቡ ነው። «ፊደል ለቃሚ የሚለቅመውን ማንበብ የጀመረ ዕለት መሳሳት ይጀምራል» የሚለውን የአለቃውን ትምህርት እንደ እርሱ የጠበቀ አልነበረም፤ ዓይኑ ፊደሉን ከወረቀት ያነሣል፣ እጁ ከእርሳስ የተቀረጸውን ፊደል ከሳጥኑ ይለቅማል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። የገዛ አማቱን፣ የጠራዡን፣ የሞት ማስታወቂያ ለቅሞ ሲያበቃ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀ እየተባለ በማተሚያ ቤቱ ሲሣቅበት ይኖር ነበር።

የምስጢር ጽሑፍ ሲመጣ የማተሚያ ቤቱ ሥርዓት አንድ ነበር። አለቃው ጽሑፉን በመቀስ ይቆራርጡታል፤ ቁራጩን ለየለቃሚው ያድላሉ፤ ሙሉውን ከአለቃውና ከመኮንኑ በቀር የሚያየው የለም። ቁራጩን ለባልንጀራው የነገረ ይታሰራል፤ የሰማውም እንደ ነገረው ይታሰራል። አለቃው ይህንን ሁሉ ሕግ አሳጥረው፣ «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር።

ያን ዕለት ቁራጭ እያደሉ ከማዶ ዘንድ ሲደርሱ የአለቃው እጅ ቆመ፤ ሊሰጡት የዘረጉትን መልሰው ከሥሩ ሌላ መዘው ሰጡት። የተመለሰው ቁራጭ ከአጠገቡ ለቆመው፣ ከመነጽሩ ውፍረት የተነሣ «መነጽር» ለሚሉት ለቃሚ ደረሰው። መነጽር ከሚያነቡት ወገን ነበር፤ አነበበ፤ ቀና ብሎ ማዶን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«ምን ታየኛለህ? ቁራጭህ ረዘመብህ እንዴ?» አለ ማዶ።

«የለም… እጄን በርዶኝ ነው።»

«ታዲያ ዳቦ ጋጋሪ ቤት መቀጠር ነበረብሃ!»

የማዶ ቁራጭ አጭር ነበር፤ ነገር ግን መኮንኑ ፊደሉ ይተልቅ እያለ ሁለት ጊዜ ስላስፈረሰው፣ በሦስተኛው ትርጉሙ ሳይወድ ገባው። «ከላይ የተጠቀሱት ሰዎች፣ ይህ ዐዋጅ በተለጠፈ ማግሥት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመዝጋቢው ሹም ፊት በአካል ያልቀረቡ እንደ ሆነ፣ የመኖርና የመሥራት መብታቸው ተሰርዞ ከአገር ይወጣሉ፤ ተመልሰውም አይገቡም» ይላል። ከላይ የተጠቀሱት እነማን እንደ ሆኑ ማዶ በልቡ ወሰነ፤ በዚያ ሰሞን ከተማው እህል ስለ ደበቁ ነጋዴዎች ያወራ ነበርና። እንደዚህ የወሰነው የእንደራሴውን ቃል አምኖ አልነበረም፤ አለማመን እንቅልፍ ስለሚነሣ ነበር።

ዐዋጁ ረቡዕ ማለዳ በየግድግዳው ተለጠፈ። ለቃሚዎቹ ግን አላዩትም፤ ለየአውራጃው የሚላከው ቅጂ ገና ነበር፤ የማተሚያው መኪና በምድር ቤት ሲያጓራ ያድራል፣ የታተመው ከዚያው በቀጥታ በሠረገላ ይጫናል፣ በደረጃው ላይ ወታደር ቆሟል። ቀትር ላይ ዳቦና ሾርባቸውን ይዘው በለቀማው አዳራሽ ሲቀመጡ ማዶን ጨዋታ አማረው።

«መቼም ቁራጬን አልናገርም» አለ፤ «ግን የእነዚያ እህል ደባቂዎች ጉድ ነገ ማታ ፈላ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ሹሙ ፊት ያልተገኘ ሻንጣውን ያዘጋጅ፤ ከአገር ነው የሚባረረው።»

«እህል ደባቂዎች?» አለ መነጽር፤ ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ።

«ታዲያ ማን ይሆናል? ይበላቸው! እኔ ብሆን ፀሐይዋን እንኳ አልጠብቅላቸው።»

ሌሎቹ ሣቁ። መነጽር ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ከአዳራሹ መስኮት ቁልቁል የግቢው በርና መንገዱ ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ የማዶ ሚስት የታጠበ ሸሚዝ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ በሩ መጣች። ዘበኛው ጥቅሉን ተቀብሎ ፈታው፤ እጅጌውንና አንገትጌውን ዳበሰ፤ እርሷ አንድ ነገር ልትናገር ስትጀምር እጁን አወናጨፈባት። ሄዳ ከመንገዱ ባሻገር ቆመች፤ ቀና ስትል ባሏን በመስኮቱ አገኘችው። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ በሌላው ጣቷን ወደ ፀሐይዋ ቀሰረች፤ ቀስ አድርጋ ወደ ምዕራብ አወረደችው፤ ከዚያም ወደ እርሱ ጠቆመች። ደግማ እንዲሁ አደረገች።

ማዶ ሣቀ። «ማታ ትመጣለህ ወይ ትለኛለች። አይ ሴት! ምጧ ሳይመጣ ናፍቆቷ ቀደመ።»

«ማዶ» አለ መነጽር ከኋላው፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም። «እንደሱ አይደለም የምትልህ።»

«እና ምን ትለኛለች?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ አልሰማህም?» መነጽር ዞሮ በሩን አየ፤ አፉን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «አንተ ‹ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልተገኘ› አልክ። ማን እንደ ሆነ የለቀምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ‹ከወንዙ ማዶ የተወለዱ ሁሉ፣ በዚህ የቆዩበት ዘመን የቱንም ያህል ቢሆን› ነው የሚለው። ቃል በቃል።»

ማዶ ወንበር ፈለገ፤ ወንበሩ ከኋላው ነበር፤ አላየውም። በቀትር የተናገረው «ይበላቸው» ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ነበርና ሌላ ነገር ለመስማት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ወደ መስኮቱ ሲመለስ ሚስቱ የለችም፤ ዘበኛው መንገዱ መካከል ቆሞ ወደ ሄደችበት ይመለከታል።

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ያንተን ቁራጭ መች አወቅሁ? ስም ለማስመዝገብ መስሎኝ ነበር። ግብር መስሎኝ ነበር። ደግሞም ፈራሁ።» መነጽር መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ንጹሕ ነበር። «አሁንም ፈርቻለሁ። የልጆች አባት ነኝ፣ ማዶ።»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ማዶን ያስፈራው ግን የደረሰው ብቻ አልነበረም፤ የሚያመልጥበት በር ራሱ ወጥመድ መሆኑ ነበር። ለመውጣት ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ለምን ይሉታል፤ ለምን እንደ ሆነ ቢናገር፣ ማን ነገረህ ይሉታል፤ ማን እንደ ነገረው ሲታወቅ መነጽር ይታሰራል፣ እርሱም ከሹሙ ፊት መቅረቡ ቀርቶ ከመነጽር ጎን ይታሰራል። ዝም ቢል ደግሞ ነገ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያን ምሽት በተሰበሩት ፊደላት ምትክ የሚገቡትን ሲለቅም ተሳሳተ፤ በማተሚያ ቤቱ ሲሳሳት ያ የመጀመሪያው ነበር፤ መነጽር አይቶ አረመለት።

ሐሙስ ሰማዩ ዳምኖ ነጋ። ማዶ አለቃው ወዳሉባት፣ ግድግዳዋ መስታወት ወደ ሆነ ትንሽ ክፍል ገባ። አለቃው ሙያውን ያስተማሩት፣ በሠርጉም ቀን በአባቱ ፈንታ የቆሙለት ሽማግሌ ነበሩ።

«አለቃ፣ እስከ ቀትር ብቻ ልውጣ። ሚስቴን ምጥ ይዟት መሰለኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ትናንት በመስኮት አየኋት።»

«እኔም አየኋት። ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ዳር ቆማ ፀሐይ ታስጠልቃለች?»

አለቃው ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ማን ነው የነገረህ?»

«ማንም። ገጹ ተገጣጥሞ ታስሮ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ አነበብኩት።»

«አንተ?» አሉ አለቃው፤ ሳይወዱ ፈገግ ሊሉ ነበር። «የአማቱን ሞት ያላነበበ ሰው ዐዋጅ አነበብኩ ይለኛል! መዋሸት እንኳ ሳላስተምርህ ቀረሁ።»

«እኔው ነኝ ያነበብኩት። ሌላ ሰው የለበትም።»

«ይሁን፤ አንተ ነህ። እኔ አሁን ወጥቼ ለመኮንኑ ይህ ሰው ይውጣልኝ ስለው፣ ለምን ይለኛል። ምን ልበለው? ዐዋጁን ስላወቀ ነው ልበለው? ከመዝጋቢው ፊት ሳይሆን ከእስር ቤት ነው የምትደርሰው፤ መነጽርንም ይዘኸው ትሄዳለህ።»

«መነጽርን እኔ አላነሣሁም።»

«እኔም አላነሣሁም» አሉ አለቃው፤ በመስታወቱ አሻግረው ወደ አዳራሹ እያዩ።

ከምድር ቤት የመኪናው ድምፅ ወለሉን ያርገበግበው ነበር። ማዶ ዝቅ ብሎ ተናገረ። «እርስዎ ማክሰኞ ያውቁ ነበር። ከእጄ የመለሱት ቁራጭ ይኸው ነው።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ገና አንዲት ፊደል አልነካሁም። ‹ታሟል፣ ይውጣ› ቢሉ ማን ይከለክልዎት ነበር?»

አለቃው በጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ካንተ የሚፈጥን እጅ አልነበረኝም» አሉ በመጨረሻ። «ሥራው እስከ ሐሙስ ቀትር ያልቃል፣ አንተም ለምዝገባው ትደርሳለህ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያልቃል ብዬ ነበር። በሩ ሲከፈት ቀድመህ የምትወጣው አንተ ነህ፤ ይኸን ቃል እሰጥሃለሁ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ይሁን እንጂ ቀትር አለፈ፤ ከቀትርም በኋላ ያለው ጊዜ አለፈ፤ ወረቀት ለመቀየር መኪናው ጸጥ ባለ ቁጥር ማዶ ኮቱን ይለብሳል፣ ጉርምርምታው ሲመለስ ያወልቃል። ደመናው ሰማዩን ከጥግ እስከ ጥግ ስለ ዘጋው፣ ቀኑ ምን ያህል እንደ ሄደ ከብርሃኑ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ዐይነት ግራጫ ነበር። የመጨረሻው ሠረገላ ተጭኖ የግቢው በር ሲከፈት አለቃው ማዶን በትከሻው ይዘው ከመኮንኑ ፊት ቀድመው አወጡት፤ እርሱም ሮጠ።

ዐዋጁ በየግድግዳው፣ በመብራት ምሰሶው፣ በሰዓት ሠሪው ሳንቃ ላይ ተለጥፎ ነበር። መኮንኑ ፊደሉ ይተልቅ ያለው ለምን እንደ ሆነ አሁን ገባው፤ እየሮጠ ላለ ሰውም ይነበባል። የገዛ እጁ ሥራ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ጥርት ብሎ፣ አንድ ፊደል ሳይጣመም፣ መዝጋቢው ሹም እስከ ተቀመጠበት ጉምሩክ አዳራሽ ሸኘው።

በአዳራሹ ደጅ የቀረው ሰልፍ አጭር ነበር። ሚስቱ ከመዝጋቢው መስኮት ሥር ባለው ደረጃ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል።

«አንተዬ! መጣህልኝ?» ክንዱን ያዘችው። «ከጠዋት ጀምሮ ተራህን ይዤልሃለሁ። መስኮቱ ጋ በደረስኩ ቁጥር ከኋላዬ ላለው እየለቀቅሁ… ሚስት አትበቃም አሉኝ፣ ራሱ ይምጣ አሉኝ።»

በዚያው ቅጽበት መዝጋቢው የመስኮቱን መዝጊያ ወደ ታች ሳበ፤ ማዶ እጁን ከሥሩ አስገባ።

«ዛሬ አልቋል» አለ መዝጋቢው።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚለው! ገና ብርሃን ነው እኮ!» አለች ሚስቱ።

«ጠልቃለች።»

«ዛሬ የት ወጣችና ነው የምትጠልቀው?» አሉ ከሰልፉ አንድ አዛውንት። ጥቂቶች ሣቁ፤ ሣቁ ግን ሳይዘልቅ ሞተ።

መዝጋቢው አልተቆጣም። የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «በዚህ ነው የምትጠልቀው።»

«ጌታዬ» አለ ማዶ፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «የዘገየሁት ይህንኑ ዐዋጅ ሳትም ነው። ማተሚያ ቤቱ ተቆልፎብን ነበር። አለቃዬን ያስጠይቁ።»

መዝጋቢው ከላይ እስከ ታች አየው፤ በጥፍሮቹ ሥር የተጋገረውን ጥቁር ቀለምም አየ።

«ያተምከውማ አንተ ከሆንክ ከሰው ሁሉ ቀድመህ ታውቀው ነበር» አለ። «ሌላውስ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

ከሰልፉ ጫፍ፣ ተከትሎት የመጣው መነጽር ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ። ማዶ አየው፤ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀበት፤ መነጽርም አፉን ዘጋ። መዝጋቢው የማዶን እጅ በቀስታ፣ በጨዋነት፣ ከመዝጊያው ሥር አውጥቶ ዘጋው።

ቅዳሜ ማለዳ ያልቀረቡትን በጭነት ፉርጎ አሳፍረው ወደ ድልድዩ አወጧቸው። ሚስቱ እስከ ድልድዩ አፍ መጣች፤ ወታደሩ፣ መሻገር እንደማትከለከል፣ መመለስ ግን እንደሌለ ነገራት።

«እሻገራለሁ» አለች።

«ምጥሽ በፉርጎ ወለል ላይ ይምጣ? እዚያስ ማን ይቀበለናል? የት ኖራችሁ ብለው የሚጠይቁ ወታደሮች ቆመዋል አሉ።»

«እዚህስ ማን አለኝ? አባቴ የለ።»

«አለቃ አሉ፤ መነጽር አለ፤ አዋላጅ አለች። ድልድዩ ቢዘጋም ይከፈታል፣ ለሁልጊዜ ሊዘጉት አይችሉም» አላት። አላመነውም፤ እርሷም አላመነችም፤ ሁለቱም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎንበስ ብሎ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረላት፤ ወታደሩ «በቃ» እስኪለው ቋጠሮውን ደጋግሞ አጠበቀው። ፉርጎው ሲንቀሳቀስ ብረቱን ይዛ ጥቂት ተራመደች፤ ከዚያ እጇን የለቀቀችው ምጡ ስለ መጣባት ነበር። እርሱ ይህንን አላወቀም፤ መከተሏን የተወች መሰለው፤ ከዓይኑ እስክትጠፋ ድረስ ለምን ጎንበስ እንዳለች እያሰበ ሄደ። ድልድዩ በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ተዘጋ፤ ሲከፈትም ማዶ በሕይወት አልነበረም።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን መለያየት ያመሰግኑታል፤ ደም ሳይፈስ፣ ጥይት ሳይተኮስ ተፈጽሟልና። ስምምነቱን የፈረሙት መኳንንት ስም፣ የተፈረመበት አዳራሽ፣ በአዳራሹ የነበረው ምንጣፍ ሳይቀር ተጽፏል። ከማዶ ተወልደው ወዲህ ስለ ኖሩት ሰዎች ደግሞ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ «አብዛኞቹ በተሰጣቸው ቀን ቀርበው ተመዘገቡ፤ በገዛ ፈቃዳቸው ያልቀረቡት ጥቂቶች ወደ ትውልድ አገራቸው ተሸኙ» ይላል። የጠራዡ የልጅ ልጅ፣ ያን ቅዳሜ የተወለደችው፣ ይህንን ዓረፍተ ነገር ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በቃሏ አጥንታ፣ ተነሥታ ቆማ፣ አንድም ቃል ሳትስት አነበነበችው፤ መምህሩም አመሰገኗት።